የሚሞላለት ጋዝ የለም፦ የካምፐር ቫን የጋዝ ፍሪጅ እንክብካቤና ጥገና

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላለት።» የቤት ፍሪጅ ከሆነ አንዳንዴ ልክ ነው። ካምፐር ቫን (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ውስጥ የሚገጠመው፣ ቡታጋዝ እያነደደ የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ ግን ሰፈር ውስጥ የሚሞላለት ነገር የለውም። በጀርባው የምታዩት የቱቦ ጥልፍልፍ ፋብሪካ ውስጥ ተበይዶ፣ በከፍተኛ ግፊት ተሞልቶ የተዘጋ ነው። «እንሞላለታለን» ብሎ የሚቆርጠው ወይም የሚበሳው ሰው ደህና ሊሆን ይችል የነበረውን ክፍል ገደለው ማለት ነው። የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

ግራ መጋባቱ በከፊል ከቃሉ ይመጣል። በእኛ አፍ «ጋዝ» ሦስት ነገር ነው፦ የፋኖሱ ነጭ ጋዝ፣ በሲሊንደር የሚመጣው ቡታጋዝ፣ እና ፍሪጅ ጠጋኙ ይዞት የሚዞረው ፍሪዮን። ከዚህ በታች «ጋዝ» ሲባል የሲሊንደሩ ብቻ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። ከታች ያለችው ትንሽ እሳት አሞኒያና ውሃ የተቀላቀሉበትን ማፍያ ታሞቃለች። አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣና በጀርባው አናት ባሉት የቆርቆሮ ክንፎች በኩል ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ሃይድሮጅን ወዳለበት ቱቦ ሲገባ እንደገና ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ከፍሪጁ ሆድ ይወስዳል። በመጨረሻ ውሃው መልሶ ይጠጣውና ወደ ማፍያው ይወርዳል። ሞተር የለም፣ ኮምፕሬሰር የለም፤ ሁሉም የሚዞረው በሙቀትና በራሱ ክብደት ነው። ዘዴውን ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች በ1922 እ.ኤ.አ. አወጡት፤ ኤሌክትሮሉክስ አሰራጨው፤ የዛሬዎቹ አምራቾች ዶሜቲክና ቴትፎርድም የሚሠሩት በዚሁ ነው። መብራት ባልገባበት ጤና ጣቢያ ክትባት ያቆይ የነበረው የነጭ ጋዝ ፍሪጅም ዘመዱ ነው፤ የሚለያዩት በሚነደው ነገር ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍሪጁ ሲደክም በቅድሚያ የሚጠየቁት ሦስት ናቸው፦ ተስተካክሎ ቆሟል ወይ? እሳቱ ደህና ነው ወይ? ጀርባው አየር ያገኛል ወይ? የቱቦው ጥልፍልፍ የሚጠረጠረው እነዚህ ሦስቱ ከጠሩ በኋላ ነው።

ከአቋቋሙ እንጀምር፤ ገንዘብ የማይጠይቀው እሱ ነው። ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወደ ማፍያው የሚወርድ በመሆኑ መኪናው ካዘነበለ መንገድ ላይ ይቋጥራል፣ ማፍያውም ደርቆ ከልክ በላይ ይግላል። ቱቦው እንዳይዝግ የተጨመረው ኬሚካል ሲያርር ደግሞ ጠጥሮ መንገዱን ይደፍናል። ይህ ጉዳት አይመለስም፤ ዛሬ ግማሽ ሰዓት፣ ነገ ሁለት ሰዓት እየተባለ ይጠራቀማል። አብዛኞቹ ፍሪጆች የሚችሉት እስከ 3 ዲግሪ ያህል ነው፤ የቆዩት ከዚያም ያነሰ። 3 ዲግሪ በአንድ ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማው 2.5 ሜትር በሚራራቅ ቫን ላይ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ወይም በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ዳገት ላይ መኪናውን አቁሞ ፍሪጁን እያነደዱ መሄድ ያንን ልክ በቀላሉ ያሳልፋል። አንዲት ትንሽ ውሃ ልክ ግዙ፤ የግንበኛ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለች። የምትቀመጠው የመኪናው ወለል ላይ ሳይሆን የፍሪጁ በረዶ ቤት ወለል ላይ ነው፤ አንዴ ርዝመቱን፣ አንዴ አግድሙን። ከጎማ ሥር የጣውላ ቁራጭ ማስገባት ይበቃል። መኪናው እየሄደ ከሆነ መዘንበሉ ያን ያህል አያሳስብም፤ መንቀጥቀጡ ፈሳሹን ያንቀሳቅሰዋል። ማስተካከል ካልተቻለ አጥፉት፤ ዕቃው በቀዘቀዘበት፣ በሩ ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ይቆያል።

አሁን ወደ እሳቱ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አቧራማ መንገድ ለሚበዛበት መኪና ደግሞ ከበጋው ወጣ ሲባል አንድ ጊዜ ተጨማሪ፣ በርነሩ፣ ማለትም እሳቷ የምትነድበት ክፍል፣ መውረድና መጽዳት አለበት። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ 220 ቮልቱን አውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከውጭ በኩል የታችኛውን የአየር መግቢያ ክዳን ስታነሱ የእሳቷን ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ታገኛላችሁ። ምንም ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የጋዝ ቱቦውን ብሎን ስትፈቱ ሁለት ቁልፍ ያዙ፤ አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይዙር። በአንድ ቁልፍ ብቻ መታገል ለስላሳውን የመዳብ ቱቦ ይጠመዝዘዋል፣ ስንጥቁም የሚታየው በኋላ ነው።

በርነሩ ከወረደ በኋላ ጫፉ ላይ ያለችውን ኖዝል፣ ጋዙ የሚወጣባትን ቀዳዳ ያላትን ክፍል፣ ፍቱ። የስንዴ ቅንጣት ታክላለች፣ ቀዳዳዋም በጣም ጠባብ ናት፤ መሬት ላይ ከወደቀች ማግኘት ፈተና ስለሆነ ከሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። በአልኮል ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፏት፣ ከዚያ ከመውጫዋ ወደ መግቢያዋ አየር ንፉባት። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ አየሩን ባዶውን ለቃችሁ ውሃና ዘይቱን አራግፉ፣ ግፊቱንም ቀንሱ። መርፌ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የጊታር ክር የሚባል ነገር አይገባባትም። ቀዳዳዋ በሚክሮን የተለካ ነው፤ ትንሽ ከሰፋ ወይም ከተጫረ ጋዙ ይበዛል፣ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያወጣል። ወደ ብርሃን ይዛችሁ ስታዩ ቀዳዳዋ ክብ ካልሆነች ለውጧት፤ ምትኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአሮጌዋ ጋር አንድ መሆን አለበት። ኖዝል በየጊዜው የሚደፈነው በአቧራ ብቻ አይደለም፤ ጋዙ ይዞት የሚመጣው ቅባት መሰል ዝቃጭም አለ። ሲሊንደሩን ሁልጊዜ አቁማችሁ ተጠቀሙ፤ ሊያልቅ ሲል «ትንሽ ቀርታለች» ብሎ አጋድሞ መነቅነቅ ያንን ዝቃጭ በቀጥታ ወደ ኖዝሏ ይልካል።

በርነሩን ራሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፤ ስንጥቆቹ በሙሉ ክፍት መሆናቸውን እዩ። መኪናው ለወራት ቆሞ ከነበረ ቱቦው ውስጥ ሸረሪት ድር ሠርታ ልታገኟት ትችላላችሁ። ድሩ አየሩን ይዘጋል፣ እሳቱ ላይ የሚደርሰውም ከኖዝል መደፈን ጋር አንድ ይመስላል።

ጭስ ማውጫው ከሁሉም የሚረሳው ነው። ከበርነሩ በላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቱቦ ውስጥ በሽቦ የተንጠለጠለ ጠመዝማዛ ብረት አለ፤ ሥራው የእሳቱን ትንፋሽ አሽከርክሮ ሙቀቱን ማፍያው ላይ ማቆየት ነው። ከላይ በኩል ጎትቱት፤ ከመጎተታችሁ በፊት ግን ሽቦው ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ለኩ፣ ሲመለስ በዚያው ቁመት ካልሆነ ፍሪጁ ይደክማል። ከዚያ ረጅም የጠርሙስ ብሩሽ ከላይ እስከ ታች መላልሱበት። የሚረግፈው ዝገትና ጥላሸት ብዙ ነው፤ በርነሩ ቀድሞ መውረድ ያለበትም ለዚህ ነው። በሌላ ጊዜም ቢሆን፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ የዝገት ቅርፊት ከዚያ ቱቦ ወርዶ በርነሩ ላይ ያርፋል። ትናንት ደህና የነበረ እሳት ዛሬ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ሲገጠም ሁለት ርቀቶች ወሳኝ ናቸው። ብልጭታ የምትሰጠው ጫፍ፣ እንደ ካንዴላ አስቧት፣ ከበርነሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ትራቅ። ነጩ ሸክላዋ የፀጉር ያህል እንኳ ተሰንጥቆ ከሆነ ብልጭታው በስንጥቁ ወደ ቆርቆሮው ያመልጣል፤ ማታ ጨለማ ውስጥ ስታስነሱ የት እንደሚዘል በዓይን ይታያል። የተርሞካፕሉ ጫፍ ደግሞ እሳቱ መሐል መሆን አለበት፤ አጠገቡ መሆኑ አይበቃም።

ተርሞካፕል እሳት ሲነካው በሺህ የሚከፈል የቮልት ቁራጭ የሚያመነጭ ብረት ነው፤ ያቺ ኃይል የጋዙን ቫልቭ ከፍታ ትይዛለች፣ እሳት ከጠፋ ቫልቩ ይዘጋል። «ተጭኜ ስይዘው ይነዳል፣ ስለቀው ይጠፋል» የሚባለው ብልሽት ሁሌም ማለት ይቻላል ከዚህ መስመር ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የጋዙን ማስነሻ ቁልፍ 30 ሰከንድ ሙሉ ተጭናችሁ ያዙት። ከዚያ ጫፉን በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት አንጹት። ከዚያ ቫልቩ ላይ የሚታሰርበትን ብሎን ፈትታችሁ ሁለቱንም ገጽ ጥረጉና በእጅ አጥብቃችሁ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ፤ በኃይል ማጥበቅ ውስጡ ያለውን መለያ ይሰብረዋል። አሁንም ካልያዘ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት፤ በእሳት ሲግል ከ20 ሚሊ ቮልት በላይ ካልሰጠ አልቋል። ከሰጠ ጥፋቱ ቫልቩ ውስጥ ያለው ማግኔት ነው። ለካምፐር ተብሎ የሚሸጥ ተርሞካፕል መርካቶ ላይ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ የምግብ ቤት ምድጃና ኦቭን የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ግን የሚመሳሰል አለ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የብሎኑ ጥርስ፣ የጫፉ ውፍረትና የሽቦው ርዝመት መመሳሰል አለባቸው።

ደህና እሳት ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣ ዝቅ ያለ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ያለው ነው። ቢጫ ጫፍ ካወጣ አየር አጥቷል፤ ከበርነሩ ተነስቶ የሚዘል ከሆነ ግፊቱ በዝቷል ወይም ንፋስ እየገባበት ነው። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ቱቦው ውስጥ አየር ስለሚኖር የመጀመሪያው ማስነሳት አንድ ደቂቃ ቢወስድ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላም አለ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ምስር ለመብሰል የሚለግመው ለዚሁ ከፍታ ነው። የአምራቾቹ መመሪያም ከ1,000 ሜትር በላይ እሳት ማስነሳት ሊያስቸግር እንደሚችል፣ ይህም ብልሽት እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ፍሪጅ እዚህ ሲለግም ሁለቴ ሦስቴ መሞከር ተገቢ ነው፤ ንጹሕ በርነርና ትክክለኛ የብልጭታ ርቀት ግን እዚህ ከሌላው አገር ይልቅ ግዴታ ናቸው።

የማይደረገው፣ «እሳቱ ደከመ» ብሎ ግፊት መጨመር ነው። ለትልልቅ የምግብ ቤት ምድጃ የሚገጠመው፣ በእጅ የሚዞረው ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር (ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የግፊት መቆጣጠሪያ) ለዚህ ፍሪጅ መርዝ ነው። የፍሪጁ በር ሲከፈት ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ከአውሮፓ የመጡት ብዙዎቹ 30 ሚሊባር (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ይላሉ፣ የቆዩ የጀርመን መኪኖች 50 ሊሉ ይችላሉ። የቤት ምድጃ ሬጉሌተር ብዙውን ጊዜ 30 አካባቢ ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። 50 የሚለውን ፍሪጅ በ30 ብትነዱት እሳቱ ይሞታል፣ 30 የሚለውን በ50 ብትነዱት ጥላሸት ይሞላዋል። አሳሳቢው ጭሱም ነው። የከሰል ጭስ የዘጋው ቤት ምን እንደሚያደርግ እዚህ ከተማ ለማንም አይነገርም፤ አየር ያነሰው የጋዝ እሳትም ያንኑ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። በፍሪጁ ዙሪያ፣ በመኝታው ክፍልና በጀርባው ቦታ መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ መደፈን አለበት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ ማንቂያም ካምፐር ውስጥ ቅንጦት አይደለም።

ግፊት ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ተኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ በጣውላ ላይ ፈረስ ጫማ ቅርጽ አስይዛችሁ ቀለም የነካ ውሃ ግማሽ ድረስ ሙሉት። አንዱን ጫፍ የጋዝ መስመሩ መፈተሻ ላይ ሰኩ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። 30 ሚሊባር ሲሆን የሁለቱ ውሃዎች ከፍታ በ30.6 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። የምትለኩት ፍሪጁም ምድጃውም እየነደዱ ነው። ምድጃው ሲለኮስ ልዩነቱ በጣም ከወረደ ሬጉሌተሩ ደክሟል ወይም ቱቦው የሆነ ቦታ ታጥፏል። ሁሉም ጠፍቶ ውሃው ቀስ እያለ መውጣቱን ከቀጠለ ደግሞ ሬጉሌተሩ አይዘጋም ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ይለወጥ።

የጋዝ መፍሰስ የሚፈተሸው በላርጎ ነው። ጥቂት ላርጎ በውሃ በጥብጣችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በብሩሽ ቀቡ፤ አረፋ ካበጠ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ከመኪናው ራቁ። የጎማ ቱቦው ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ፣ ወይም የተሠራበት ጊዜ ከአምስት ዓመት ካለፈ፣ ለውጡት፤ በሁለቱም ጫፍ በፋሼታ ይታሰር፣ በሽቦ አይታሰርም። ወደ ፍሪጁ የሚሄደው መስመር መዳብ ይሁን። በቀለበት የሚጠብቅ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን አይጠመጠምም፤ የሚያትመው ቀለበቱ ነው፣ ቴፍሎኑ ቁርጥራጩ ተበጣጥሶ ወደ ኖዝሏ ይሄዳል። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፤ የሲሊንደሩ ሳጥን ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ሳይኖረው መኪና ውስጥ ሲሊንደር አይቀመጥም። ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊትም እሳቱን አጥፉ፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥም እንዲሁ።

አየሩን በተመለከተ፣ እዚህ ከሃይሩፍ ላይ የሚሠሩ ካምፐሮች የሚደጋገም ስህተት አላቸው፦ የታችኛው መግቢያ ተቆርጦ የላይኛው መውጫ ይረሳል፣ ወይም ለውበት ተብሎ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ከክንፎቹ ከፍ ብሎ። ቀዝቃዛ አየር ከታች ገብቶ፣ ክንፎቹን አልፎ፣ ሞቆ ከላይ መውጣት አለበት። ከክንፎቹ ጀርባ ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ አየሩ ምንም ሳይነካ በዚያ ሾልኮ ይወጣል፤ ክፍተቱን በቀጭን አሉሚኒየም ቆርቆሮ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር አጥብቡት። በተጨማሪ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሱቆች የሚሸጡት ባለ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 12 ቮልት ፋን ላይኛው መውጫ አጠገብ ወደ ውጭ እንዲስብ ግጠሙ። የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ሩብ አምፔር ገደማ ነው። ቀጭን አየር ሙቀት የሚሸከመው በጥቂቱ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ይህ ፋን ከሚመስለው በላይ ይሠራል። ከታች፣ እሳቱ አጠገብ አታድርጉት፤ ያጠፋዋል።

ላቫጆ ስትገቡ ለአጣቢው ቀድማችሁ ንገሩ፦ በእነዚህ መግቢያዎች የግፊት ውሃ አይረጭም። ከአንድ እጥበት በኋላ እሳት እምቢ ያለ ፍሪጅ ተበላሽቶ ሳይሆን በርነሩ ረጥቦ ይሆናል፤ አድርቁትና ሞክሩ። የሐምሌ ዝናብ በንፋስ ሲገባም ያው ነው።

ወደ መብራቱ እንለፍ። ብዙዎቹ ፍሪጆች በሦስት ይሠራሉ፦ በጋዝ፣ በ220 ቮልት፣ በ12 ቮልት። የ12 ቮልቱ ኤሌመንት፣ በመብራት ማፍያውን የሚያሞቀው፣ ከ120 እስከ 170 ዋት ይበላል፣ ማለትም ከ10 እስከ 14 አምፔር። ሞተር ጠፍቶ በባትሪ ላይ ማሠራት ማታ አስነስቶ ጠዋት መኪና ማስገፋት ነው። ስለዚህ መስመሩ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ያልፋል፤ ሪሌውን የሚያስነሳው ዲናሞው ኃይል ሲሰጥ ብቻ ይሁን። ባለ 30 አምፔር ሪሌና ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ሽቦው ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ባትሪው ከፊት ፍሪጁ ከኋላ ከሆነ 10። በቀጭን ሽቦ የሚጠፋው ቮልት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሙቀቱ የሚቀንሰው በካሬው ነው፦ በ12 ቮልት 170 ዋት የሚሰጥ ኤሌመንት በ10.8 ቮልት 138 ብቻ ይሰጣል። ቮልቱን የምትለኩት ፍሪጁ እየሠራ፣ ከጀርባው መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ባትሪው ላይ የተለካ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ኤሌመንት መቃጠሉን ለማወቅ ሽቦውን ነቅላችሁ በቴስተር ኦም ለኩ። ባለ 12 ቮልት 170 ዋቱ 0.85 ኦም ገደማ፣ በ230 ቮልት 125 ዋት የሚለው 420 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ ቴስተሩ ምንም መንገድ ካላገኘ ተቃጥሏል። ኤሌመንቱ ራሱ የመብራት መዋዠቅን ይችላል፤ የማይችለው አዳዲሶቹ ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ነው፤ ከግቢ መብራት ስትሰኩ በስታብላይዘር አድርጉ። እነዚሁ አዳዲሶቹ በጋዝ ሲነዱ እንኳ ለቦርዳቸው 12 ቮልት ይፈልጋሉ። ባትሪው ሲደክም እሳት እምቢ ይላሉ፤ ባለቤቱ ጋዙን ሲፈትሽ ይውላል።

በሩ ሌላ ሌባ ነው። የ10 ብር ኖት በጎማውና በአካሉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ሳይታገል ከወጣ እዚያ ጋር ይተነፍሳል። ጎማውን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሱና ቫዝሊን ቀብታችሁ በሩን ዘግታችሁ አሳድሩት። በረዶው 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ አጥፍታችሁ ይቅለጥ፤ በቢላ የሚቆፈር ፍሪጅ አንድ ቀን ቱቦው ይበሳል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልቀዘቀዘ ነው የቱቦው ክፍል የሚጠረጠረው። መኪናውን አስተካክላችሁ አቁሙ፣ በ220 ቮልት በከፍተኛው ላይ 12 ሰዓት ተዉት። ማፍያው ግሎ፣ ከበረዶ ቤቱ ጀርባ ያለው ግን ምንም ካልቀዘቀዘ ዝውውሩ ቆሟል። ሽንት መሰል ኃይለኛ ሽታ ካለ ወይም ማፍያው አካባቢ ቢጫ ዱቄት ከታየ ፈስሷል። ያ ዱቄት ከዝገት መከላከያው ኬሚካል የሚመጣ መርዝ ነው፤ በባዶ እጅ አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ ልጆች አይጠጉት። እሳቱንም ወዲያው አጥፉ፤ ከአሞኒያው ጋር የሚወጣው ሃይድሮጅን ይነዳል። እዚህ ላይ ብየዳ የለም፣ ሙሌት የለም፤ ክፍሉ በሙሉ ይለወጣል ወይም ፍሪጁ ይለወጣል። ዝውውሩ የቆመ ግን ያልፈሰሰ ከሆነ አውርዶ ለአንድ ቀን መገልበጥ አንዳንዴ ያነቃዋል ይባላል። ብዙ ተስፋ አላደርግበትም፤ ለመጣል ከተወሰነ ግን ከመጣሉ በፊት አይጎዳም።

ምትክ ያገለገለ ስትገዙ ተኝቶ የመጣ ከሆነ አቁማችሁ አንድ ቀን ሳታስነሱት አቆዩት፤ ከዚያ ሻጩ ዘንድ በ220 ቮልት አሠሩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ የበረዶ ቤቱ ብረት እጅ ሲነካው መቀዝቀዝ መጀመር አለበት። ሻጩ «ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» ካላችሁ የትኛውን ጋዝ እንደሆነ ጠይቁት፤ ፍሪዮኑን ካለ ትታችሁት ሂዱ።